የእምቦጩ ቀመር ላይ ቆሜያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሂሳብ ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው አቃቂ ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ ከባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛዬ ጋር የአባ ሳሙኤል ግድብን እምቦጭ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን አረም፣ ይዘናል። አረሙን ገንዳ ውስጥ አሳድገን ለ5 ሳምንት በየ3 ቀኑ መዘንን። ከዚያ የሂሳብ ሊቁ ቬርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣውን የሎጂስቲክ ቀመር (እድገት መጀመሪያ ፈጥኖ፣ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ እንደሚዘገይ የሚያሳየውን) ልገጥምበት ሞከርኩ።

የእድገት ፍጥነቱ በደንብ ይወጣል። ጣሪያው ግን፣ ማለትም ገንዳው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ክብደት፣ አልያዝ አለኝ። መነሻ ግምቱን በቀየርኩ ቁጥር አንዴ 40 ኪሎ ይለኛል፣ አንዴ 900! አረሙ ገና ስላልተጨናነቀ ይመስለኛል። ግራፉ ሽቅብ ብቻ ነው፣ መታጠፊያው ጋ አልደረሰም።

ማስረከቢያው 3 ሳምንት ቀርቶታል። ጓደኛዬ በየማለዳው ውሃ የምትቀይርለት ልፋት እንዲባክን አልፈልግም። ጣሪያውን ከገንዳው ስፋት ገምቼ ቋሚ ላድርገው? ወይስ ፍጥነቱን ብቻ ላቅርብ? በትንሽ ገንዳ አጨናንቆ እንደገና መለካትስ ያዋጣል? እንዲህ ያለ መረጃ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።