«ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ወንዙ ነው ወይስ ሰውየው?

መምህረ ሐዋሳ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ እንቆቅልሽ አላስተኛ ብሎኝ ምክራችሁን ፍለጋ መጥቻለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ ወርጄ ሳለሁ፣ አንድ ተማሪዬ ከአያቱ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። አያትየው «እንቆቅልሽ» አሉ፤ ልጁም «ምን አውቅልህ» አለ። «ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሉት። ልጁ ብዙም ሳያስብ «ጥቁር ውሃ» ብሎ መለሰ፤ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደ ሐይቃችን የሚገባውን ወንዝ ማለቱ ነው። አያቱ ራሳቸውን ነቅንቀው «አገር ስጠኝ» አሉት፤ እርሱም ሐዋሳን ሰጣቸው። ሐዋሳን ከተቀበሉ በኋላ «ዓባይ ነው፤ ነገር ግን ወንዙን ብቻ ካልህ የመለስኸው እኩሌታውን ነው» አሉትና ወደ ሌላ እንቆቅልሽ አለፉ።

ሁለተኛው እኩሌታ «አባይ» ማለትም ሐሰተኛ ሰው እንደሆነ ገምቻለሁ። እናንተን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወንዝ ግንድ ይዞ መሄዱ ግልጽ ነው፤ ሐሰተኛ ሰው ግን ይዞት የሚዞረው ግንድ ምንድን ነው? ሁለተኛም፣ እንቆቅልሹን ከነመልሱ በትምህርት ቤታችን የአማርኛ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው አስቤአለሁና መልሱን በዐይኑ «ዐ» ልጻፈው ወይስ በአልፋው «አ»?

ዘዋሸራ

መምህር ሆይ፣ ጥያቄዎ መልካም ነው፤ መልሱም አያከራክርም። ዋሸራ ቅኔ ቤት አራት ዓመት ተቀምጬ የተማርሁት ይህን ነው፦ ዐበየ ብሎ ከፍ አለ፣ ገነነ፤ ዐቢይ ብሎ ታላቅ፤ ከዚያው ግንድ ዐባይ ይወጣል። ስለዚህ በዐይኑ ነው የሚጻፈው፤ በዐይኑም ቢሆን በግእዙ «ዐ» እንጂ በራብዑ «ዓ» አይደለም። ዛሬ በየመንገዱ «ዓባይ» ተብሎ የሚለጠፈው ዐና ዓ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ የመጣ ልማድ ነው።

እንቆቅልሹም ኅብር ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ይይዛል። ሰሙ፣ ማለትም ላይኛው ፍቺ ወንዙ፣ ወርቁ፣ ማለትም ውስጠኛው ፍቺ ሐሰተኛው ነው። ሰሌዳው ላይ በሰሙ «ዐባይ» ብለው ይጻፉ።

ሰዋስው ወዳድ

የኔታ ስላስተማሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም ዐባይ በግእዝ የዐቢይ አንስታይ ቅጽል መሆኑን ሳያነሡ አለፉ። ሐዲስ ብሎ ሐዳስ፣ ጠቢብ ብሎ ጠባብ እንደሚል ሁሉ፣ ዐቢይ ብሎ ዐባይ ይላል፤ «ሀገር ዐባይ» ሲል ታላቂቱ ከተማ ማለት ነው። ታዲያ ወንዙ የሴት ቅጽል ተሸክሞ ሳለ እንቆቅልሹ «የላት፣ ይዛ ትዞራለች» ሳይል ለምን በወንድ አንቀጽ ተነገረ? እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ስለ ሐሰተኛው ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። አበለ ማለት ዋሸ ማለት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ግሡ በ«ለ» ሲጨርስ የአድራጊው ስም በ«ይ» ይወጣል። ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ፣ በደለ በዳይ፣ ነቀለ ነቃይ እንደምንል ሁሉ አበለ ብለን አባይ እንላለን። ይህ «ይ» ከዐበየ «የ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ አንደኛው የሥር ፊደል ነው፣ ሌላኛው ከ«ለ» የተለወጠ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሥሮች አንድ ድምፅ ላይ ተገናኝተው ጆሮ እስከማይለያቸው ድረስ መመሳሰላቸው እጅግ ያስደንቀኛል። የዛሬ ልጆች እንቆቅልሹን መፍታት የሚያቅታቸውም አእምሮ አንሷቸው አይደለም፤ «ዋሸ» እያሉ አድገው «አበለ» የሚለውን ግሥ ስላልሰሙ ነው። «አባይ ጠንቋይ» ሲባል የሰሙት ልጆች እንኳ የጠንቋዩ ስም ይመስላቸዋል።

ዘዋሸራ

ስለ ጾታው የተነሣው መልስ አለው። በግእዝ ሕይወት የሌለው ነገር በወንድም በሴትም ሊነገር ይችላል፤ ፈለግም (ወንዝ ማለት ነው) እንደዚሁ ነው። ቅጽሉ በአንስታይ ቀርቶ አማርኛው ወንዙን እንደ ወንድ ቢቆጥረው ምንም አይፋለስም። ከዚህ በላይ መመርመር ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ልማድ ነው።

ሰዋስው ወዳድ

ቅኔ ቤት አለመግባቴን አልክድም፤ ጥያቄዬ ግን በዚያ የሚወድቅ አይመስለኝም። ሊነገር ይችላል ማለትና ለምን እንዲህ ተነገረ ብሎ ማስረዳት የተለያዩ ናቸው።

ከሳሽ ያጣ ሥር

አንድ ሦስተኛ መንገድ ልጨምር። በግእዝ በአልፋው አበየ ማለት እምቢ አለ ማለት ነው። ማደር እምቢ ያለ፣ አልቆምም ያለ ወንዝ አባይ ቢባል ከእንቆቅልሹ ጋር እንዴት ያምራል! ማደሪያ የለውም የተባለው ማደሪያ ስላጣ ሳይሆን ስላልፈለገ ይሆናል።

ዘዋሸራ

ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። የአበየ አድራጊ በግእዝ ሕግ «አባዪ» ብሎ በሣልስ ይጨርሳል። መልኩ ስላማረ ብቻ ሥር አይተከልም።

የድሮ መዝገብ

ሁላችሁም በመልሱ ላይ ቆማችሁ ጥያቄውን ረሳችሁት። እኔ በእንቆቅልሹ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው ያሳሰቡኝ። ማደሪያ የሌሊት ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን ለሹምና ለወታደር በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ መሬት «ማደሪያ» ይባል ነበር፣ አገልግሎቱ ሲቀር መሬቱም ይቀራል። ከዚሁ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ «ግንደበል» የሚባል ነበር፤ ባለ ግንደበሉ በዘመቻ ጊዜ ስንቅና ድንኳን የማጓጓዝ ግዴታ ነበረበት። እንግዲህ «ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን በዚህ ዓይን ብታነቡት፣ ማደሪያ ሳይሰጠው የግንደበልን ሸክም እየተሸከመ ከጦር ጋር የሚዞር ሰው ይታያችኋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያጠፋው ቃላቱም ከሥራቸው ተነቀሉ፤ ትርጉሙ የጠፋብንም በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

የግሽ ልጅ

እስከ አሁን ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ የተወለድሁት ሰከላ፣ ዓባይ ከሚመነጭበት ከግሽ ዓባይ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ አሁን ሐዋሳ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የመዝገቡ ወንድሜ ያመጡት ነገር ትምህርት ቢሆንም ሊያሳምነኝ አልቻለም፤ ግንደበል አንድ የተጋመደ ቃል ነው፣ ግንዱን ብቻ ነጥሎ ሸክም የሚል ሰው በአገራችን አልሰማሁም።

እኛ ቤት ይህ አነጋገር የሚነገረው እንዲህ ነበር። አንድ አጎቴ ሥራ ፈትቶ በእናቴ ቤት ተጠግቶ ሲኖር፣ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘውን ጓደኛውን ለጥቂት ቀን ይቀመጥ ብሎ አስከትሎ መጣ። እናቴ ለእንግዳው እግሩን አስታጥባ እራቱን ካቀረበች በኋላ ወደ ጓዳ ገብታ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አለች። ውሸት የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ለራሱ መጠጊያ የሌለው ሰው ሌላውን ደርቦ ሲይዝ የሚነገር ነው፤ ግንዱ ያ ሌላው ሰው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሲሞላ ከደጋው የተነቀለ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ፊደል አያስፈልገውም። ስለዚህ መጀመሪያ የነበረው ይህ ይመስለኛል፤ በሐሰተኛው መፍታት በኋላ የተጨመረ የሊቃውንት ጨዋታ ነው።

ሌላም አንድ ነገር አለ፣ ማንም አላነሣውም። ወንዝ በአማርኛ ይወርዳል፣ ይፈስሳል፣ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ አይዞርም። ስለ አዋሽም ሆነ ስለ ተከዜ «ይዞራል» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዓባይ ግን ይዞራል። ከግሽ ተነሥቶ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ወጥቶ ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና፣ ጎጃምን ከቤጌምድር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ እየለየ እንደ ቀለበት ከብቦት ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ላይም ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ እንደሚከብ ተጽፏል፤ ሊቃውንቱም ግዮን የሚሉት ዓባይን ነው። እንግዲህ የእንቆቅልሹ ቁልፍ ያለው «ይዞራል» ላይ ነው፤ ፊደሉን ትታችሁ ግሡን ብትመለከቱ መልሱ ሌላ ወንዝ ሊሆን እንደማይችል ታያላችሁ።

መምህረ ሐዋሳ

እኅቴ፣ ይህን ሳነብ ልጁ «ጥቁር ውሃ» ብሎ የሳተው ለምን እንደሆነ ተገለጠልኝ። ጥቁር ውሃ ከጨለለቃ ረግረግ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው የገባው ውሃ እዚያው ያድራል። እንግዲህ ጥቁር ውሃ አይዞርም፣ ማደሪያም አለው፣ ማደሪያውም ልጁ ለአያቱ በሰጠው አገር ደጃፍ ላይ ነው። ዓባይ ግን ሐይቅ እንኳ ገብቶ አያድርም፤ ጣናን ሲያቋርጥ ከውሃው ጋር አይቀላቀልም የሚለው የቆየ አባባልም ከዚህ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ አያትየው «እኩሌታው ነው» ማለታቸውን መርሳት የለብንም።

ሰዋስው ወዳድ

የግሽ ልጅ ስለ «ይዞራል» ያሉትን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ፤ ይልቁንም ሐሰተኛውን ያጠናክርልናል። ሰው ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ቤት ለቤት፣ መንደር ለመንደር ይዞራል። እውነተኛ ኅብር ቢሆን እያንዳንዱ ቃል ለሁለቱም ወገን ማገልገል አለበት፤ ማደሪያውና መዞሩ ለሁለቱም አገልግለዋል፣ የቀረው ግንዱ ብቻ ነው። እኔ የዘር ግንድ ነው እላለሁ። በገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ?» ተብሎ ነው። ሐሰተኛ ሰው በየደጁ የትልቅ ሰው ዘር እየቆጠረ፣ የሌለውን ግንድ እየጠቀሰ ይጠይቃል፤ ነገሩ ሲታወቅበት ያባርሩታል፣ ወደሚቀጥለው መንደርም ያንኑ ግንድ ይዞ ይዞራል።

ዘዋሸራ

ይህኛው ፍቺ ያስደስታል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብሁትም ነበር። በግእዝም ጕንድ ግንድ ነው። የዘር ግንድ ማለት ግን ስለ ጎርፍ በሚነገር እንቆቅልሽ ውስጥ እንዲህ ተሰውሮ መቀመጡን የሚያስረዳ ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱ ካልተገኘ ኅብር ሳይሆን ውስጠ ወይራ፣ ማለትም ፍቺው በውስጡ ተሰውሮ የቀረ፣ ብንለው ይሻላል።

ከሳሽ ያጣ ሥር

ውስጠ ወይራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር መታየት አለበት። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ተፈጥሯል፤ ስሙም ንጋት ነው። ሰው የሚያድረው ሊነጋለት ነው፤ ማደሪያ የለው የተባለው ወንዝ ማደሪያው ንጋት መባሉን የሰማ ሁሉ እንደ እኔ ሳይደነቅ አይቀርም። ታዲያ ከእንግዲህ «ማደሪያ የለው» ብለን ልጆችን ስንጠይቅ ወንዙ ከመልሱ ይወጣል ማለት ነው? ይህ ከሆነ ለእንቆቅልሹ የሚቀረው ሐሰተኛው ብቻ ነው፣ ፊደሉም አልፋው «አ» ይሆናል።

ዘዋሸራ

እንቆቅልሽ በተነገረበት ዘመን ይፈታል። ፊደሉ ዐይኑ ነው።

የድሮ መዝገብ

በተነገረበት ዘመን ይፈታል ከተባለ ማደሪያ መሬት ነው፤ እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው።

የግሽ ልጅ

መምህር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አያትየው ያሉት «ይዞ» ነው ወይስ «ተሸክሞ»? በሁለቱም መንገድ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ውሃ ይይዛል፤ «ጎርፍ ይዞት ሄደ» እንላለን። የሚሸከመው ሰው ነው። «ተሸክሞ» ብለው ከሆነ በልባቸው ያሰቡት ሰውየውን ነው፤ «ይዞ» ካሉ ግን ወንዙን አስቀድመዋል።

መምህረ ሐዋሳ

«ይዞ» ነው ያሉት፤ በደንብ ሰምቻለሁ። እጃቸውንም እንደ ቀስት አጥፈው ነው «ይዞራል» ያሉት፤ ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም ነበር። ወረቀቱን ለመለጠፍ ቀጠሮዬ ነገ ጠዋት ነው፤ ጥያቄውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ጨርሻለሁ፣ የመልሱ ቦታ ባዶ ነው። ልጁ ዛሬ ደብተሩን ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ከእንቆቅልሹ በታች በአልፋው «አባይ» ብሎ ጽፏል፣ ከጎኑም የተጠመዘዘ ወንዝ ሥሏል። በቀይ አላረምሁበትም።