ለጤና ጣቢያዎቹ የአልትራሳውንድ ሥልጠና፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ የማኅበራችንን የሥልጠና ረቂቅ ለጥፌያለሁ። 12 ነርሶች፣ 5 ቀን፣ 2 ባተርፍላይ (በእጅ የሚያዝ፣ ስልክ ላይ የሚሰካ አልትራሳውንድ)፣ ከዚያ የ3 ወር ክትትል። የሚማሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። የፅንሱ ልብ ይመታል ወይ? በጭንቅላቱ ነው ወይስ በመቀመጫው? እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቷል ወይ? እስከ ዓርብ መልስ እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አንዱ መሣሪያ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። የየዓመቱ ክፍያ ደግሞ አለ። የዛሬ ዓመት ማን ይከፍላል? ያለፈው መሣሪያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አዋላጅ፦ ርዕሱ «የነርሶች ሥልጠና» ይላል። እርጉዝ የሚያየው ማነው? «ነርሶችና አዋላጆች» ካልተባለ ስሜን ከረቂቁ ሰርዙልኝ።

ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦ ማኅበሩ የነርሶች ነው። ስሙን ለማስመዝገብ ያየነውን መከራ ረሳሽው?

አዋላጅ፦ አልረሳሁም። መዋጮ ስከፍል ግን አዋላጅ ነሽ ብሎ የመለሰኝ የለም።

ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ከሥር በትንሹ ይጻፍ።

አዋላጅ፦ በትንሹ? 20 ዓመት ሌሊት ሌሊት ያዋለድኩት በትንሹ ነው?

ከደብረ ብርሃን፦ ስሙን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ባለፈው ወር አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት መጣች። እንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታወቅ በጣት አይመረመርም። እያጣደፍን ወደ ሆስፒታል ላክናት። ለእርግዝና ክትትል 4 ጊዜ መጥታ ነበር፤ አንድም ቀን በአልትራሳውንድ አላየናትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንዴ ትታይ ያለው በ2016 ነው። ደግሞ እጅ የሚለምደው በ5 ቀን አይደለም። አሜሪካ ያሉ የድንገተኛ ሐኪሞች እንኳ ለአንዱ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 ጊዜ ይሠራሉ። በ3 ወሩ ክትትል ምስሉን በየሳምንቱ አያለሁ ያለችው ሲስተር የት ገባች?

ጸሐፊዋ፦ ሁለት ጊዜ ደወልኩላት። አታነሳም።

አዋላጅ፦ ተናድጄ ነው፣ እህቴ ይቅር በይኝ። ርዕሱ ግን ይስተካከል።

ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሁን። እኔም አበዛሁት።

ገንዘብ ያዥ፦ አዋላጆች ከገቡ ሰዉ 20 ይሆናል። አበሉም ይጨምራል። አንድ ፕሮብ (መሣሪያ)፣ 2 ቀን እናድርገው።

ከደብረ ብርሃን፦ አንድ ፕሮብ ለ20 ሰው? ክትትሉስ? ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄልም እኮ ረቂቁ ላይ የለም።

ጸሐፊዋ፦ ጄሉን አስገባሁ። ርዕሱም ተስተካክሏል። ክትትሉን የሚይዝ ሰው እስኪገኝ ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ። ሰርተፍኬቱን ማን ይፈርማል?

አዋላጅ፦ አንዷ ፈራሚ አዋላጅ ትሁን።