ፋይል ቶሎ የሚያገኝ ሶፍትዌር?

ጠያቂ፦ ቱሉ ዲምቱ ላለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋ ራም። የደንበኛ ውልና ማመልከቻ ተከምሯል፤ የዊንዶውሱ መፈለጊያ ይንቀራፈፋል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ በፋይል ስም ከሆነ ኤቭሪቲንግ። ነፃ ነው፣ 2 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። የሚፈጥነው የኤንቲኤፍኤስን (ዊንዶውስ በዲስክ ላይ ፋይል የሚያደራጅበት ስርዓት) የፋይል መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ ነው። በፋት32 (ሌላ የፋይል አደረጃጀት) በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ያለውን ግን ኦፕሽንስ ገብተህ ፎልደርስ ውስጥ ካልጨመርከው አያሳይህም።

መልስ 2፦ የሰነዱን ውስጥ ለመፈለግ ዶክፌቸር ጫን። በ4 ጊጋ ራም ሙሉ ዲስኩን አትስጠው፣ የሰነዱን ፎልደር ብቻ ኢንዴክስ (የቃላት ማውጫ) አስደርግ። ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ግዕዝ ፎንት የተተየበ ግን አይገኝም፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነውና። እሱን በስሙ ፈልገው።

መልስ 3፦ ፊደሉንም ልብ በል ወንድሜ፤ «ሀይሉ» ብትል «ኃይሉ» አይመጣም። ኤቭሪቲንግ ላይ ሀይሉ|ሃይሉ|ኃይሉ ብለህ ጻፍ፤ ቋሚዋ መስመር «ወይም» ናት።