ስቫልባርድ ላይ የፐርማፍሮስት ኮርስ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሃይድሮሎጂ (የውኃ ሳይንስ) ማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ትኩረቴ ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ለዓመታት ሳይቀልጥ በረዶ ሆኖ የሚቆይ መሬት ነው። የመስክ ኮርስ የት ላግኝ? ከጉባኤዎችስ የትኛው ይበጃል?

መልስ 1፦
ለመስክ ሥራ በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ፣ ሎንግየርቢየን ከተማ ያለው የስቫልባርድ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል (ዩኒስ) ይቅደም። 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ማመልከቻ ለመኸሩ መንፈቅ ኤፕሪል 15፣ ለጸደዩ ኦክቶበር 15 ይዘጋል፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳያምታታህ።

መልስ 2፦
ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቪዛው ላይ ነው። ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ቢሆንም ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) ውጭ ነው፤ ለደሴቶቹ ራሳቸው ቪዛ አይጠየቅም። መንገዱ ግን በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ስለሆነ ስትመለስ ዳግም ሸንገን ትገባለህ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከያዝክ መመለሻው ይዘጋብሃል። ስታመለክት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ጠይቅ፤ ምክንያቱንም በደብዳቤ ግለጽ።

መልስ 3፦
ከጉባኤ በፊት የወጣት ዋልታ ተመራማሪዎችን ማኅበር፣ አፔክስን፣ ተቀላቀል። አባልነቱ በነጻ ነው፤ የኦንላይን ሥልጠናም አለው። ዓለም አቀፉ የአርክቲክ ሳይንስ ኮሚቴ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የአርክቲክ ሳይንስ ሳምንትም አለ። የጉዞ ድጋፍ ካለ ለብቻው ማመልከቻ ይፈልጋል፤ አብስትራክት (የጥናትህን አጭር መግለጫ) ስላስገባህ ብቻ አይሰጥህም።

መልስ 4፦
ስለ ዕቃ ልጨምር። ከሥር ጥጥ አትልበስ፤ ላብ ይዞ ያበርድሃል፣ ሱፍ ይሻላል። ትርፍ ባትሪ ደረትህ ላይ ከጃኬት ውስጥ ያዝ። ካሜራውን ወደ ሞቃት ክፍል ከማስገባትህ በፊት እዚያው ውጭ እያለህ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽገው፤ አለበለዚያ እርጥበት ሌንሱ ላይ ይቋጥራል።