ኩላሊት የተተከለለት ወንድሜ ኪኒኑን እየዘለለ ነው፣ ምን ላድርግ?

የደሴዋ እህት፦
ሰላም ናችሁ ወገን። ከደሴ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ ኩላሊት ከተተከለለት ዓመት አልፎታል፣ የሰጠችው እናታችን ናት። መጀመሪያ ላይ ኪኒኑን ከእጇ ነበር ተቀብሎ የሚውጠው። ከዚያ «ልጅ አይደለሁም፣ ራሴ እወስዳለሁ» አለና መድኃኒቱን ጠቅልሎ ክፍሉ አስገባ፣ እኛም ጎበዝ አልን። ሰሞኑን አልጋውን ሳነጥፍ ከፍራሹ ስር ኪኒን አገኘሁ። አንድ ሁለት አይደለም። እናቴ ስትሰማ «ሆዴን ቀድጄ የሰጠሁህን!» ብላ ጮኸች፣ እሱም በሩን ዘጋ፣ አሁን እንኳን ስለ ኪኒን ስለ እራትም አያወራንም። የሚገርመው ደግሞ ያመመው አይመስልም። ይስቃል፣ ይበላል። ፊቱ ግን አብጧል፣ ብጉር ወሮታል፣ ክፍል ውስጥ «ጉንጮ» እያሉ እንደሚጠሩት ከጓደኛው ሰምቻለሁ። የአዲስ አበባ ቀጠሮው ገና ነው። እየቆጠርኩ ልስጠው? ልቆጣው? ዝም ልበል?

ኮምቦልቻ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። እኔም የተተከለልኝ ነኝ፣ አሁን 24 ነኝ፣ ስለዚህ ከሱ ወገን ሆኜ ልናገር።

ያመመው አይመስልም ያልሽው ነገር ነው ዋናው ችግር። እጥበት ላይ እያለሽ አንድ ቀን ብትቀሪ እግርሽ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥርሻል፣ በግድ ትሄጃለሽ። ኪኒን ስትዘልዪ ግን ምንም የለም። ሰውነታችን የእናት ነው የባዳ ነው ብሎ አይለይም፣ ኩላሊቱን እንደ ጠላት ነው የሚያየው፣ መድኃኒቱ ነው አስተኝቶ የያዘው። ሲነቃ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ መጀመሪያ የሚናገረው ደም ምርመራ ላይ ክሪያቲኒኑ ነው፣ ኩላሊቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር። እና እባካችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ነገውኑ ደውሉና ንገሯቸው።

ፊቱን ያሳበጠው ከኪኒኖቹ አንዱ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ሊሆን ይችላል፣ ብጉሩም ከሱ ሊሆን ይችላል። ለ17 ዓመት ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም! ትልልቆቹ «ዋናው ጤና ነው» ይላሉ፣ መስታወት ፊት የሚቆመው ግን እሱ ነው። ሐኪሙ መጠኑን እያየ ሊቀንስለት ይችላል፣ ግን ማንም ካልነገረው ከየት ያውቃል? ልጁ ራሱ ይናገር። ቀጠሮ ላይ እናቱ እየመለሰችለት ከሆነ ለአምስት ደቂቃ ትውጣለት።

እናትሽን ደግሞ በአላህ ስም ያን ነገር አስቁሚያት። ስጦታው ዕዳ ሲሆን ኪኒኑን ባየ ቁጥር ዕዳውን ነው የሚያየው። ሰው ደግሞ ዕዳውን ይሸሻል።

እንግዳ፦
ፀበል ውሰዱት። ይሄን ሁሉ ኪኒን ይተው።

የሀይቋ እናት፦
ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ፀበሉን እኔም አምናለሁ፣ ልጄን ወስጃታለሁም። ግን መድኃኒት ተው ብሎ መምከር በሰው ሕይወት መጫወት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ጊዜም ይሄው ክርክር ነበር፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ፀበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይሄዳል ብለው ነበር እኮ። ኪኒኑን በፀበል ይዋጠው፣ ማን ከለከለው?

የደሴዋ እህት፦
እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ወሎ አይደል፣ ጎረቤቶቻችን ፀበል አምጥተውልናል፣ እኛም ዱዓ አስደርገናል 😊 መድኃኒቱን ግን አናስቆምም።

ፋርማሲስት ከወልድያ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ወንድምሽ ለየት ያለ ባለጌ አይደለም። በየትም አገር ብታዪ የተተከለ ኩላሊት በብዛት የሚጠፋው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ ነው። ቤተሰብ እጁን የሚያነሳበት፣ ልጁ ደግሞ ገና ያልያዘበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዝም ማለትም መቁጠርም አይደለም መልሱ፣ ቀስ እያሉ ማስረከብ ነው። የሳምንቱን ኪኒን በየቀኑ በተከፋፈለ ሣጥን ራሱ ይደርድር፣ አንቺ ዓርብ ዓርብ ብቻ እዪው። ስልኩ ላይ ማንቂያ ይሙላ፣ ስሙንም ራሱ ያውጣለት።

አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ11 እስከ 24 ዓመት የሆኑ 169 ኩላሊት የተተከለላቸው ልጆችን ያየ ጥናት አለ። ለግማሾቹ ማስታወሻ የሚልክ የኪኒን ሣጥን ሰጧቸው፣ ግን በዚያ አላቆሙም። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ «የቱ ሰዓት ነው የሚያስቸግርህ? ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይለዋል፣ መፍትሔውን የሚመርጠው ልጁ ነው። እነሱ ከሌሎቹ የተሻለ ወሰዱ። ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም።

ሰዓቱ ላይ፣ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳያጠቃ ከሚያደርጉት መድኃኒቶች ታክሮሊመስ የሚባለውን ከሆነ የሚወስደው፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ላይ ጠቅሞናል፣ ጠዋት 1 ከሆነ ማታም 1 ነው። ለምርመራ ደም የሚሰጥ ቀን የጠዋቱን ሳይውጥ ይሂድ፣ ከዋጠ በኋላ የተቀዳ ደም የመድኃኒቱን መጠን አሳስቶ ያሳያል። አንዱ ሰዓት ካለፈው ደግሞ ደርቦ አይዋጥ፣ ደውሎ ይጠይቅ። ያገኘሽውን የፍራሽ ኪኒንም አሁን ልካስ ብሎ እንዳይውጠው!

ሌላው፣ ጥርሱን አመመው ብላችሁ ከመንደር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትገዙለት፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ኤሪትሮማይሲንና የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ታክሮሊመሱን ደም ውስጥ ያንሩታል፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል። የባህል መድኃኒትም ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይሆንም። ኩላሊት የተተከለለት ነው ሳትሉ ምንም አትግዙ። መድኃኒቱም ሳያልቅ ቀድማችሁ አስመጡ፣ 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

የደሴዋ እህት፦
አላህ ይስጣችሁ። ትናንት ማታ አቦሉ እየተጠጣ ቀስ ብዬ የቱ ሰዓት ነው የሚከብድህ አልኩት። የማታው ነው አለ። 2 ሰዓት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ውጭ ነው፣ እነሱ ፊት ማውጣት ያፍራል። ጠዋቱን አልዘለልኩም ይላል። ሐኪም ቤትም ደወልን፣ ክሪያቲኒኑን ደሴ አሠርታችሁ ውጤቱን ላኩ አሉን። ሁለቱንም ወደ 1 ሰዓት ብናደርገውስ? ረመዳን ሲመጣስ እንዴት ነው? መጾም እፈልጋለሁ ይላል።

ፋርማሲስት ከወልድያ፦
ሰዓቱን መቀየር ይቻላል፣ ግን እንዴት እንደምታዛውሩት እነሱ ይንገሯችሁ። ጾሙ ከባድ ጥያቄ ነው። ከሱሑር እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ያልፋል፣ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለው ደግሞ ያጥራል፣ ውኃ ማጣቱም አለ። በተለይ አሁን ኪኒን በዘለለበት ጊዜ ራሱ መወሰን የለበትም፣ ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ይጠይቅ። የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ዲኑም ፈቅዶለታል፣ ይሄን ሸሁ ቢነግሩት ከኔ ይልቅ ይሰማቸዋል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ታክሮሊመስም በዓለም ላይ አለ፣ እሱንም ጠይቁ፣ ግን አንዱን በሌላው ራሳችሁ አትቀይሩ።

ኮምቦልቻ ልጅ፦
ጓደኞቹ ፊት ያፍራል ላልሽው፣ ከሁሉም አንዱን ይምረጥና ይንገረው። ለኔ የሠራው ይሄ ነው። ጓደኛዬ ሰዓቱ ሲደርስ «ተነስ ውኃ እንጠጣ» ይለኛል፣ ሌላው ሰው አያውቅም።

የደሴዋ እህት፦
እሺ፣ እነግረዋለሁ። የቀረችን እናቴ ናት፣ ምላሷን መያዝ አልቻለችም 😅

የሀይቋ እናት፦
ልጄ፣ እኔም ሰጪ ነኝ። ቁጣ አይደለም ያለባት፣ ፍርሃት ነው። ኩላሊቱ ቢጠፋ ሌላ የምትሰጠው የላትም፣ ሌሊት ሌሊት የምታስበው እሱን ነው። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ትደውልልኝ፣ እኛ እናቶቹ እናውራ።