የዶርም ቦንድ በፍርድ ቤት መጽደቁ ማንን ይጠብቃል?

ጥያቄውን ያነሳው፣ ከአትላንታ፦ ብዙ ልጆቻችን በጆርጂያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ። ከዶርሞቹ ብዙዎቹ በቦንድ፣ ማለትም የዕዳ ሰነድ ለገዢዎች ተሸጦ በሚገኝ ብድር፣ የተሠሩ ናቸው። ግዛቱ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ግንባታ ገንዘብ የሚያፈላልግ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። በሕጉ መሠረት እንዲህ ያለውን ቦንድ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ችሎቱ ይቁም እያልኩ አይደለም። ግን አሁን ባለው አሠራር የሚጠብቀው ቦንድ ገዢውን ነው። ዐቃቤ ሕግ በግዛቱ ስም ከሳሽ፣ ባለሥልጣኑ ተከሳሽ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለቱም የሚፈልጉት እንዲጸድቅ ነው። የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ማንም ዳግም ሊከራከርበት አይችልም። ዕዳው የሚከፈለው ከዶርም ኪራይ ነው፤ ኪራይ ከፋዩ ተማሪ ግን ስለ ችሎቱ አልሰማም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ጥቅሙ እኮ እዚያው ላይ ነው። ቦንድ ገዢው ነገ ክስ ይመጣል ብሎ ከሰጋ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል። ያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ልጅህ ኪራይ ላይ ይመጣል። ዳኞችም ዝም ብለው አይፈርሙም። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት ዳኛ ለሪቪያን መኪና ፋብሪካ የታሰበውን ቦንድ አላጸድቅም ብላለች።

ጥያቄውን ያነሳው፦ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ውሳኔዋን ሻረው እኮ። የኮብ ካውንቲውን የቤዝቦል ስታዲየም ቦንድም እይው፣ እስከ 397 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሦስት ነዋሪዎች እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደውት በ2015 ተረቱ። ቢረቱም በጊዜ ደርሰው ተሰምተዋል። እኔም ለተማሪዎች የምፈልገው ይህንኑ ዕድል ነው።

የግድቡን ቦንድ የገዛሁ፦ እኔ ቁጥጥር ሲበዛ ደስ ይለኛል። የሕዳሴ ግድብ ቦንድ እዚህ አሜሪካ ሳይመዘገብ ተሸጠ ተብሎ በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል። በፍቅር ነው የገዛነው፤ ግን አስቀድሞ የሚያጣራ ቢኖር ይሻል ነበር።

የሕግ ተማሪዋ፦ አባባ፣ እንዲህ ያሉ የመንግሥት ባለሥልጣን ቦንዶች ከዚያ የፌዴራል ምዝገባ ነፃ ናቸው። ስለዚህ ችሎቱ ይበልጥ ያስፈልገናል። ዳኛው ዕቅዱ ጤናማ፣ ሊሠራ የሚችልና ምክንያታዊ መሆኑን ማየት አለበት። ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። ግን ተቃዋሚ ካልቀረበ ጠንካራውን ጥያቄ ማን ይጠይቃል? አልጋዎቹ ባይሞሉስ? በመጋቢት 2020 ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲላኩ ዶርሞቹ ባዶ ቀሩ፤ የቦንድ ዕዳ ግን ክፍል ባዶ ነው ብሎ አይቆምም። የችሎቱ ማስታወቂያ የሚወጣው በካውንቲው ሕጋዊ ጋዜጣ ላይ ነው፣ ለሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ። የትኛው የ19 ዓመት ልጅ ነው ያንን ገጽ የሚያነበው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ማስታወቂያው ይስፋ፤ የውሳኔው የመጨረሻነት ግን አይነካ።

ጥያቄውን ያነሳው፦ እሱን አልነካሁትም። ለእያንዳንዱ ተማሪ በኢሜይል ይድረሰው። ብድሩ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሚከፈል፣ የአንድ አልጋ ኪራይ በዚህ ሳቢያ ስንት እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። የችሎቱ ቀንና ቦታም አብሮ ይግባ። ይህ ተደርጎ ማንም ካልመጣ፣ ያኔ ዳኛው ያጽድቀው።