ዲናሞ ቀይሬም ቮልሴ ባትሪ አይሞላም

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የአባቴ ቮልስ አለችኝ፣ በፈረንጅ የ1970 ሥሪት፣ 12 ቮልት። የድሮው ዲናሞ በሚኒሞ (ጋዝ ሳልሰጥ) መብራት አልችል ስላለ፣ ሬጉሌተሩ (የቮልት መቆጣጠሪያው) ውስጡ ያለበት ኦልተርኔተር፣ ማለትም አዲሱን ዓይነት ዲናሞ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሞተር እየሠራ ባትሪውን በቴስተር ስለካው 12.1 ቮልት ነው፤ ጋዝ ብሰጠውም ንቅንቅ አይልም። ኳድሮ (የማስነሻ ቁልፉን) ስከፍት የክሩስኮቱ (የዳሽቦርዱ) ቀይ የቻርጅ መብራት አይበራም። ትናንት ማታ እንጦጦን ስወርድ ፓራውዛው ደክሞ መንገዱ አልታይ አለኝ፤ ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። ምን ልሥራ?

ከቡራዩ፦ ባትሪው አርጅቶ ይሆናል፣ ተለቅ ያለ ግዛ።

ከሰበታ፦ ወንድሜ፣ አትግዛ። የሚሞላው ከሌለ ትልቁም ያልቃል። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የድሮ ሬጉሌተር ወጥቷል?

ጠያቂ፦ አልወጣም፣ ገመዶቹም እንደነበሩ ናቸው።

ከሰበታ፦ እንግዲያው እሱን አውጣው፤ አዲሱ የራሱ ሬጉሌተር ውስጡ አለው። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ከዲናሞ የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ወደ ባትሪ ከሚሄደው ወፍራም ጋር አገናኝ። ሬጉሌተሩ ላይ ዲኤፍ (DF) ከሚለው ጫፍ የነበረውን ቀጭን ደግሞ 61 ከሚለው ጫፍ ካለው ሰማያዊ ጋር፤ ሰማያዊው ወደ ቀይ መብራቱ ነው የሚሄደው። ኦልተርኔተሩ ላይ ወፍራሙ ቢ ፕላስ (B+) የሚለው ጫፍ ላይ፣ ቀጭኑ ዲ ፕላስ (D+) ላይ ይታሰር። መጋጠሚያውን በደንብ ሸፍን፤ ወፍራሙ ፊውዝ የለውም፣ ማሳ (የመኪናውን ብረት) ከነካ እሳት ነው።

ከለገጣፎ፦ ቀይዋን መብራት አትናቃት። ኳድሮ ሲከፈት በአምፖሏ አልፎ የሚሄደው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው ኦልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው። እሷ ከተቃጠለች አዲሱም ዝም ይላል። የዲ ፕላሱን ገመድ ነቅለህ ማሳ አስነካው፤ ኳድሮ ተከፍቶ ካልበራች አምፖሏ ወይም ገመዱ ነው። ስትቀይር ኤልኢዲ አታድርግ፣ የሚያሳልፈው አይበቃም።

ከካራ፦ ልጄ፣ ቺንጋውንም (ኦልተርኔተሩን የሚያዞረውን ቀበቶ) እይ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የምታዞረው እሷው ናት፤ በአውራ ጣት ስትጫናት 15 ሚሊሜትር ያህል ትርገብ። ሞተር እየሠራ ባትሪ እንዳትነቅል፣ የኦልተርኔተሩ ዳዮዶች (ውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች) ይቃጠላሉ። ባትሪው ክዳን ከሌለው ደግሞ ዛሬውኑ ጎማ አልብሰው። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ የወንበሩ ሽቦ ፖሉን (የባትሪውን ጫፍ) ከነካ ወንበሩ ይነዳል፤ ልጆችህ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ ተሳካ! ገመዱን አስተካክዬም ቀይዋ እምቢ አለች። ክሩስኮቱ ጀርባ እጄን ሰድጄ ሳወጣት መስታወቷ ጠቁሮ ክሯ ተበጥሷል። ቀየርኳት። አሁን ፓራውዛ በርቶ በሚኒሞ 13.8፣ ጋዝ ሲያገኝ 14.2። ጋሼ፣ ባትሪውንም ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ አልብሼዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።